ሲያዩት የሚሰወር ስህተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮግራም ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሥራው ቀላል ነበር። ከየአቅጣጫው የሚመጡ ጥያቄዎችን ይቀበላል፣ እያንዳንዱን ያስተናግዳል፣ ማታ ላይ «ዛሬ ይህን ያህል አስተናግጃለሁ» ብሎ ድምሩን ያወጣል። ድምሩ ግን አንዳንድ ቀን በሁለት፣ አንዳንድ ቀን በሦስት ይጎድላል። ደግሞ ልክ የሚሆንበት ቀን አለ። ኮዱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንከን አጣሁበት። ቸግሮኝ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፤ ከቆጣሪው በፊትና በኋላ «እዚህ ደርሻለሁ» እያለ ሎግ የሚጽፍ መስመር ጨመርኩ። ስህተቱ ጠፋ። መስመሩን ሳወጣው ተመለሰ። መልሼ ሳስገባው ጠፋ።

አያቴ ብትሰማ «ሰላቢ ገብቶበታል» ትል ነበር፤ ሳይታይ ከጎተራው እህል የሚያጎድለው ያ ሰላቢ። ፕሮግራመሮች ደግሞ «ሃይዘንበግ» ይሉታል። የፊዚክስ ሊቁን የሃይዘንበርግን ስም የፕሮግራም ስህተት ከሚሉበት «በግ» ጋር አዳቅለው የፈጠሩት ቀልድ ነው፤ ልታዩት ስትጠጉ ጠባዩን የሚቀይር ስህተት ማለታቸው ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሳር የሚግጠውን በግ መምሰሉ የኔ ጥፋት አይደለም።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ይህ ሰላቢ እንዴት እንደሚታደን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሶፍትዌር ዓለም ከማውቃቸው ብልሃቶች ሁሉ እንደዚህ ያስደነቀኝ የለም።

ሰላቢው የሚገባው በ«ትሬዶች» መካከል ነው። «ትሬድ» ቃል በቃል ክር ማለት ነው። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ እንኳ በርካታ ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያስሉ አንጎሎች፣ አለው። ያን ሁሉ ጉልበት ለመጠቀም አንድ ፕሮግራም ሥራውን ለብዙ ትሬዶች ያከፋፍላል፤ አንዱ ስክሪኑን ይስላል፣ አንዱ ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ አንዱ ፋይል ያስቀምጣል። ሁሉም የሚጽፉትና የሚያነቡት ግን አንድ ሜሞሪ ላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እነዚህ ክሮች ካላበሩ የሚያስሩት እርስ በርሳቸው ነው።

እስቲ ቆጣሪዬን በቅርበት እንየው። ኮዱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ቁጥሩ ላይ አንድ ጨምር»። ለማሽኑ ግን ይህ ሦስት ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ከሜሞሪ ያነባል፣ አንድ ይጨምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ሥራውን የሚሠሩትን ሁለት ትሬዶች አልማዝና በቀለ፣ የሚስተናገዱትን ጥያቄዎች እንግዶች፣ ሜሞሪውን ሰሌዳ እንበላቸው። ሰሌዳው ላይ 41 ተጽፏል። አልማዝ 41 አነበበች። ጨምራ ከመጻፏ በፊት በቀለም መጥቶ 41 አነበበ። አልማዝ 42 ጻፈች። በቀለም በራሱ ልክ ነውና 42 ጻፈ። ሁለት እንግዳ ገብቷል፣ ሰሌዳው የጨመረው ግን አንድ ነው። ማንም አልተሳሳተም፤ እንግዳው ግን ጠፋ።

አሁን ወረቀት አውጡና አብረን እንቁጠር። አልማዝ ሦስት እርምጃ አላት፣ በቀለ ሦስት። ስድስቱ እርምጃዎች የየራሳቸውን ተራ ሳያፋልሱ በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰካኩ ይችላሉ? በ20። ከ20ዎቹ ትክክለኛ ድምር የሚሰጡት ስንቱ ናቸው? ሁለት ብቻ! አልማዝ ሙሉ በሙሉ ጨርሳ በቀለ ሲጀምር፣ ወይም በቀለ ጨርሶ አልማዝ ስትጀምር። የቀሩት 18ቱ በሙሉ እንግዳ ያስጠፋሉ። መጀመሪያ ይህን ስቆጥር የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜዋለሁ።

ከሃያ አሥራ ስምንቱ መንገድ ስህተት ከሆነ ፕሮግራሜ ሁልጊዜ ለምን አልተበላሸም? መንገዶቹ እኩል ዕድል ስለሌላቸው ነው። ሦስቱ እርምጃዎች የሚፈጁት ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ጥቂቱን ነው። ሁለቱ ትሬዶች ልክ በዚያች ጠባብ ቅጽበት ካልተገጣጠሙ በቀር ከሁለቱ ደህና መንገዶች በአንዱ ይሄዳሉ። ቴስታችሁ አንድ ሺህ ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሺህ ጊዜ በዚያው በደህናው መንገድ ተመላልሶ ማለት ነው። እርምጃዎቹ ከሦስት ወደ አሥር ከፍ ቢሉ ደግሞ የመሰካኪያው መንገድ 184,756 ይሆናል። እውነተኛ ፕሮግራም ውስጥ እርምጃው በሚሊዮን ነው፤ እዚያ ላይ መቁጠሩን ትቻለሁ።

«አንድ ሁለት ቁጥር ቢጎድል ምን ይመጣል?» የሚለኝ ሰው አለ። ለእሱ ቴራክ-25ን እነግረዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካናዳ ውስጥ የተሠራ የካንሰር የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። ሁለት ዓይነት ሕክምና ይሰጣል። በአንዱ የኤሌክትሮን ጨረር በለዘብተኛ መጠን በቀጥታ በሽተኛው ላይ ያርፋል። በሌላው ጨረሩ በብዙ እጥፍ ይበረታና በመካከል የሚገባ ብረት መትቶ ኤክስሬይ ይሆናል። የበረታው ጨረር ያለ ብረቱ ከወጣ ሰው ይገድላል።

መጋቢት 1986፣ ቴክሳስ ውስጥ ታይለር የምትባል ከተማ። ኦፕሬተሯ የኤሌክትሮኑን ፊደል መጻፍ ሲገባት የኤክስሬዩን ጻፈች። ወዲያው ነቃች፣ ወደ ላይ ተመልሳ አስተካከለችና ቀጥል አለችው። ይህን ሥራ በቀን ስንቴ የምትሠራ ሰው ናትና እጇ ፈጣን ነው። ማሽኑ ውስጥ ግን አንዱ የሥራ ክፍል የመጀመሪያውን ትእዛዝ ተቀብሎ ማግኔቶቹን ማደላደል ጀምሮ ነበር፤ ይህ ወደ 8 ሰከንድ ይፈጃል። በእነዚያ 8 ሰከንዶች ውስጥ የተደረገውን እርማት አላየውም። ስክሪኑ የተስተካከለውን ያሳያል፣ የማሽኑ ግማሽ አካል በአሮጌው ትእዛዝ ቆሟል። «ማልፈንክሽን 54» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መቀበል የነበረበት 180 ራድ (ራድ የጨረር መለኪያ ነው) የሆነው በሽተኛ በኋላ በተደረገው ግምት ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ ተቀበለ። ከአምስት ወር በኋላ ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የሠሪው ኩባንያ መሐንዲሶች መጡ፣ ማሽኑን ፈተሹ፣ ስህተቱን ሊደግሙት አልቻሉም። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሚያዝያ ላይ፣ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ በሽተኛ በተመሳሳይ መንገድ ተቃጠለ። ያኔ የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ፍሪትዝ ሄገር ከኦፕሬተሯ ጋር ተቀምጦ ያደረገችውን አንድ በአንድ አስደገማት። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነበር። ፈታሾቹ ቀስ እያሉ ሲጽፉ 8ቱ ሰከንድ ያልፋል፣ ስህተቱም አይመጣም። ስህተቱን ለማየት ሥራውን የለመደ ፈጣን እጅ ያስፈልግ ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በዚህ ማሽን ስድስት ከመጠን ያለፈ ጨረር አደጋዎች ተመዝግበዋል። ከቴራክ-25 በፊት የነበረው ቴራክ-20 ያው የሶፍትዌር ስህተት ነበረበት፤ ነገር ግን ጨረሩን የሚያግድ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መከላከያ ስለነበረው ማንንም አልጎዳም። በአዲሱ ማሽን ላይ መከላከያው ቀርቶ ሶፍትዌሩ ታመነ።

ሄገር የተጠቀመበት ዘዴ፣ ስህተቱን ዳግም እስኪከሰት አሳድዶ መያዝ፣ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዘዴ ነበር። የተመራማሪዎች ታላቅ ሐሳብ የመጣው አንድ ጥያቄ ሲገለብጡ ነው። አደጋው እስኪደርስ ለምን እንጠብቃለን? ሌባውን ሌሊት ሙሉ ከመጠበቅ በሩ መቆለፍ አለመቆለፉን በቀን ዞሮ ማየት አይሻልም?

ቁልፍ ስል ዘይቤ ብቻ አይደለም። ትሬዶች እንዳይጋጩ የሚደረገው በ«ሎክ» ነው። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የጋራው መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ አንዱ ይዞት ከገባ ሌላው ይጠብቃል። ቆጣሪውን ለመንካት መጀመሪያ ቁልፉን ያዝ፣ ስትጨርስ መልስ። ስህተቱ የሚፈጠረው ከአልማዝና ከበቀለ አንዱ ቁልፉን ሳይዝ ሲገባ ነው፤ ወይም፣ ይህኛው ደግሞ አስቂኙ ነው፣ ሁለቱም ቁልፍ ይዘው፣ ግን የተለያየ ቁልፍ!

በ1997 ስቴፋን ሳቬጅና ባልደረቦቹ «ኢሬዘር» የሚባል መሣሪያ ይዘው ብቅ አሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የጋራ ዕቃ አጠገብ አንድ ብጣሽ ወረቀት አለ እንበል። አንድ ትሬድ ዕቃውን በነካ ቁጥር ኢሬዘር በዚያች ሰዓት ትሬዱ የያዛቸውን ቁልፎች ያያል። አልማዝ ቆጣሪውን ስትነካ ቁልፍ ሀ እና ቁልፍ ለ በእጇ ነበሩ፤ ወረቀቱ ላይ «ሀ፣ ለ» ይጻፋል። ቀጥሎ በቀለ ሲነካ የያዘው ለ ን ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ የነበረው ለ ብቻ ስለሆነ ሀ ይሰረዛል፣ «ለ» ይቀራል። እስካሁን ደህና ነው፤ ምናልባት የዚህ ዕቃ ጠባቂ ለ ነው። ከዚያ ሌላ ትሬድ ሐ ን ይዞ ነካው። ለ ም ተሰረዘ። ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ኢሬዘር ይጮኻል፤ «ይህን ዕቃ ሁልጊዜ የሚጠብቀው አንድም ቁልፍ የለም!»

ብልሃቱ ገባችሁ? ሦስቱ ትሬዶች የነኩት በሰዓታት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ምንም ግጭት አልደረሰም፣ ድምሩም ልክ ነው። ያቺን የሰከንድ ቢሊዮንኛ መጠበቅ አላስፈለገም። ተመራማሪዎቹ ይህን በጊዜው ገናና በነበረው በአልታቪስታ የኢንተርኔት መፈለጊያ ሰርቨር ላይ ሳይቀር ሞክረውታል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ፕሮግራሙን ከ10 እስከ 30 እጥፍ ያንቀረፍፈዋል።

ሌላም ዋጋ አለው፤ በሐሰት ይጮኻል። አልማዝ ዕቃውን ብቻዋን አዘጋጅታ፣ «ጨርሻለሁ፣ ውሰደው» ብላ ለበቀለ ብታስረክበው ቁልፍ አያስፈልግም፤ ተስማምተዋልና። ኢሬዘር ግን ስምምነት የሚያውቀው በቁልፍ ብቻ ነው። በሐሰት የሚጮኽ ማንቂያ ደግሞ እንደ ጎረቤት መኪና አላርም ነው፤ ሦስተኛው ላይ ማንም ከአልጋው አይነሳም።

እንዲህ ያለውን ስምምነት የሚያውቅ ሌላ መንገድ አለ፤ ሥሩ ወደ 1978 ይመለሳል። ሌስሊ ላምፖርት በዚያ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ፣ ብዙ ኮምፒዩተሮች ተራርቀው ሲሠሩ «መጀመሪያ» እና «በኋላ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። መልሱ ሰዓትን ጥሎ መልእክትን ያዘ። እኔ ያደረግሁት ነገር ወሬው አንተ ጋ ሊደርስ በሚችል መንገድ ከቀደመ ቀደመ ይባላል። ወሬው የሚደርስበት መንገድ ከሌለ፣ በግድግዳ ሰዓት አንዱ በአንድ ሰዓት ቢቀድም እንኳ፣ በመካከላቸው ቅደም ተከተል የለም። አጋጣሚ ነው የቀደመው፤ ነገ ሊገለበጥ ይችላል።

ከ1988 ጀምሮ ይህ ሐሳብ በቁጥር መቀመጥ ቻለ። አልማዝና በቀለ እያንዳንዳቸው ሁለት ቁጥር ይይዛሉ፤ አንዱ የራሳቸውን እርምጃ ይቆጥራል፣ ሌላው ስለጓደኛቸው እስከየት እንደሰሙ። አልማዝ በሦስተኛ እርምጃዋ ላይ ቆጣሪውን ጻፈችና ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መለሰች። ስትመልስ ቁጥሯን ቁልፉ ላይ ታስራለች፤ «እኔ እስከ 3 ደርሻለሁ»። በቀለ ቁልፉን ሲያነሳ ያነበዋል። አሁን ስለ አልማዝ እስከ 3 ያውቃል። ቆጣሪውን ሲነካ ይህን የሚከታተለው መርማሪ ፕሮግራም ይጠይቀዋል፤ «ይህን መጨረሻ የነካችው አልማዝ ናት፣ በ3ኛዋ። ስለ 3ኛዋ ሰምተሃል?» ሰምቻለሁ። እለፍ። ቁልፉን ሳያነሳ መጥቶ ከሆነ ግን ስለ አልማዝ የሚያውቀው ዜሮ ነው። ስለ 3 አልሰማም። ተያዘ! ይህ «ዳታ ሬስ» ይባላል፤ ቢያንስ አንዱ የሚጽፍበት፣ ስምምነት የሌለበት የሁለት ትሬዶች ንክኪ።

ይህ ዘዴ በሐሰት አይጮኽም ማለት ይቻላል፤ ርክክቡ በቁልፍም ይሁን በመልእክት፣ ወሬው የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ እስካወቀ ድረስ። ግን ትሬዶቹ ሺህ ሲሆኑ እያንዳንዱ ሺህ ቁጥር ሊሸከም ነው? በ2009 ኮርማክ ፍላናጋንና ስቲቨን ፍሮይንድ «ፋስትትራክ» ባሉት ሥራቸው ደስ የሚል ነገር አሳዩ። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዕቃ «መጨረሻ የነካው እገሌ፣ በዚህ እርምጃው» የምትል አንዲት ማስታወሻ ብቻ ትበቃለች፤ ረጅሙ ዝርዝር የሚያስፈልገው ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲያነቡ ነው።

በዚያው ዓመት አካባቢ ጉግል ውስጥ «ትሬድሳኒታይዘር» ተወለደ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መርማሪ እሱ ይመስለኛል። ኮምፓይለሩ ኮዱን ሲያዘጋጅ እያንዳንዱ የሜሞሪ ንክኪ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጠያቂ ይተክላል። ፕሮግራሙ ከ5 እስከ 15 እጥፍ ይዘገያል፣ ሜሞሪ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበላል፤ ለቴስት ጊዜ ይቻላል፣ ለዕለት ሥራ አይሆንም። ጎ የሚባለው ቋንቋ በ2013 ይህንኑ መርማሪ ከራሱ ጋር ይዞ መጣ፤ ቴስት ስታስኬዱ «ሬስ» የምትል አንዲት ቃል ትጨምራላችሁ፣ ሌላ ምንም የለም። የሚሰጣችሁ ዘገባም ያምራል። «እገሌ ትሬድ በዚህ ፋይል በዚህ መስመር ጻፈ፤ ቀድሞ እገሌ በዚያ መስመር አንብቦ ነበር» ብሎ ሁለቱንም ፊት ለፊት ያቆማቸዋል።

የዘዴው ድክመት በሄደበት መንገድ ያየውን ብቻ መናገሩ ነው። አልማዝና በቀለ ዛሬ በአጋጣሚ በቁልፍ ተቀባብለው ከተገኙ፣ ነገ ሳይቀባበሉ ሊመጡ እንደሚችሉ አያውቅም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ ታዲያ መንገዱን እንቀይረው። ለዚህ አንዱ ዘዴ ማዘግየት ነው። ነሐሴ 14 ቀን 2003 በአሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መብራት ሲጠፋበት፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለ የመቆጣጠሪያ ክፍል የማንቂያ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ነበር። ምክንያቱ ይኸው የእኛ ሰላቢ ነው። ሶፍትዌሩ በየቦታው በድምሩ ከሦስት ሚሊዮን ሰዓት በላይ ያለ እንከን ሠርቷል። ስህተቱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀ፤ የተያዘውም ሆን ብለው ኮዱ ውስጥ መዘግየት እየከተቱ፣ ያቺን ጠባብ ቅጽበት ለጥጠው ነው።

ማዘግየትን ወደ ጥበብ ያሳደገው የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው «ኬሲሳን» ነው። ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ አድብቶ ስለሚይዝ። ማስታወሻ አይጽፍም፣ ሰዓት አይቆጥርም። አልፎ አልፎ፣ አንድ ትሬድ ሜሞሪ ሊነካ ሲል ትከሻውን ይይዘውና «ትንሽ ቆይ» ይለዋል፤ በአሥሮች ለሚቆጠሩ ማይክሮ ሰከንዶች። በዚያች ጊዜ ሌላ ትሬድ ያንኑ ቦታ ሊነካ ከመጣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሁሉንም አይይዝም፤ የያዘውን ግን ሁለቱንም በአንድ ቦታ አይቷቸዋልና ክርክር የለም።

የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በበኩላቸው «ቼስ» በተባለው መሣሪያቸው ትሬዶችን የሚያፈራርቀውን ሥልጣን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነጥቀው ራሳቸው ያዙት። ያኔ ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል። «184,756ቱን ሁሉ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን የሰጠው በ2008 የወጣው የሻን ሉና የባልደረቦቿ ጥናት ይመስለኛል። ከማይሲኩኤል፣ ከአፓቼ፣ ከሞዚላና ከኦፕንኦፊስ 105 እውነተኛ ስህተቶችን ሰብስበው መረመሩ። 96 በመቶው እንዲከሰት የሁለት ትሬዶች መገጣጠም ብቻ ይበቃል። የአብዛኛውም መንስኤ ጥቂት የሜሞሪ ንክኪዎች መዛነፍ ነው። ስለዚህ ቼስ ሺህ ቦታ አያቋርጥም፤ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ማቋረጥን በሁሉም ቦታ ይሞክራል፣ አብዛኛውም ስህተት እዚያው ይገኛል። ውስብስብ የሚመስለው ነገር ልቡ እንዲህ ትንሽ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ ዴድሎክ በአጭሩ ልለፍ። አልማዝ ሀ ን ይዛ ለ ን ትጠብቃለች፣ በቀለ ለ ን ይዞ ሀ ን ይጠብቃል፤ ሁለቱም እስከ ምጽአት። ከ2006 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ያለው «ሎክዴፕ» ማን የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንዳነሳ ይመዘግባል። ዛሬ ጠዋት አንዱ ሀ ከዚያ ለ ካለ፣ ማታ ሌላው ለ ከዚያ ሀ ካለ፣ ማንም ሳይቆለፍ ይጮኻል። ሐሳቡ ያው የኢሬዘር ነው፤ በሩን በቀን ማየት።

ዳታ ሬስንና ዴድሎክን የሚያድኑት መርማሪዎች የማይይዙት ነገር ግን አለ። አልማዝ ቁልፉን ይዛ «ሂሳቡ ላይ 500 ብር አለ?» ብላ አየች፣ አለ፤ ቁልፉን መለሰች። ቆየት ብላ እንደገና ቁልፉን ይዛ 500 ብር ቀነሰች። በመካከሉ በቀለ እንዲሁ በቁልፍ ገብቶ ብሩን ወስዶታል። ሁሉም ንክኪ በቁልፍ ነው፤ ትሬድሳኒታይዘር ምንም አይልም፣ ምክንያቱም ዳታ ሬስ የለም። ስህተቱ ማየትና መውሰድ አንድ ሥራ መሆን ሲገባቸው ለሁለት መከፈላቸው ነው፤ ይህን ደግሞ ማሽን ከሐሳባችሁ አውጥቶ ሊያነበው አይችልም።

ለዚህ የሚቀርበው መንገድ የፕሮግራሙን አካሄድ በአጭሩ በሞዴል ጽፎ መሣሪያ ሁሉንም መንገድ እንዲዳስስ ማድረግ ነው። በ1997 የናሳ ተመራማሪዎች «ስፒን» በሚባል እንዲህ ባለ መሣሪያ ዲፕ ስፔስ 1 ለተባለችው መንኮራኩር የተዘጋጀውን የሪሞት ኤጀንት ሶፍትዌር ከፊሉን መረመሩና አምስት ስህተት አገኙ። ግንቦት 1999 መንኮራኩሯ ጠፈር ላይ ሳለች ያ ሶፍትዌር በዴድሎክ ቆመ። ሲታይ፣ ከአምስቱ የአንዱ መንትያ ነው፤ ባልተመረመረው የኮዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የቆየ።

ወደ ራሴ ሰላቢ ልመለስ። ትሬድሳኒታይዘርን እንዳወቅሁ ተጣድፌ ያን ፕሮግራም አስኬድኩበት። ምንም አላለም። እንደገና አስኬድኩት፣ ዝም። መሣሪያውን ራሱን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ድንገት ትዝ አለኝ፤ ለሦስት ሌሊት የጨመርኳቸው የሎግ መስመሮች እዚያው ናቸው! ሎግ የሚጽፈው ፋንክሽን ጽሑፎች እንዳይደባለቁ በውስጡ የራሱ ቁልፍ አለው። በቴስቴ ላይ ጥያቄዎቹ የሚመጡት በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ስለሆነ፣ አልማዝ ቆጣሪውን ነክታ ሎግ ስትጽፍ ቁጥሯን የሎጉ ቁልፍ ላይ ታስራለች፣ በቀለ ቆጣሪውን ከመንካቱ በፊት ሎግ ሲጽፍ ያነበዋል። ወሬው ደርሶታል። መርማሪው የተስማሙ መስሎታል። ኢሬዘር ቢሆን አይታለልም ነበር፤ ቆጣሪው በሚነካባት ቅጽበት የሎጉ ቁልፍ በማንም እጅ የለምና ወረቀቱ ባዶ ይሆን ነበር።

መስመሮቹን አወጣኋቸውና አስኬድኩት። ገና ከመጀመሩ ዘገባው ስክሪኑን ሞላው፤ ሁለት ትሬድ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ሁለቱም ጊዜ መስመር 88።